ሠላሳ ስምንት ቁጥርን ማን ነዳት?

ኤሊስ ዊትነር ከአርባ ሁለት ዓመት በኋላ በረንዳዬ ላይ የቆመው ሐሙስ ከሰዓት፣ ፎሶሊያ እየቀነጠስኩ ሳለሁ ነው። ቀና ብዬ አየሁት። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፤ ትከሻው ግን ያው የድሮው ነው። ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞታል። ልቤ ደነገጠ ብል ማንም ያምነኛል፤ እጄ ግን ከልቤ ቀድሞ ደንግጦ ኖሮ ሳህኑ ከጭኔ ላይ ተገለበጠና ፎሶሊያው በሙሉ ወለሉ ላይ ተበተነ።

«ቬርሊን» አለኝ።

«የሞትክ መስሎኝ ነበር።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። እኔው ነኝ ለራሴ የነገርኩት። ይቀለኛል ብዬ።»

ተንበርክኮ ፎሶሊያዬን ከወለሉ ላይ ይለቅም ጀመር። የካልሲ ፋብሪካው ባለቤት ልጅ! በአባቱ ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የካልሲ ጣት በማሽን እየሰፋሁ ስዘጋ የኖርኩት እኔ ደግሞ ከላይ ሆኜ አናቱን አያለሁ። በሃያ አንድ ዓመቴ ይህን ፀጉር በጣቶቼ አበጥረው ነበር። ይህ ትዝ ማለቱ ራሱ አናደደኝ።

«ተወው፣ ይታጠባል» አልኩት። «ይልቅ ምን ፈልገህ እንደመጣህ ንገረኝ።»

«ቅዳሜ ካርዶቹን እንዳነብ ከምኖርበት ከቨርጂኒያ ጠርተውኛል። ከድሮዎቹ ቆጣሪዎች በሕይወት ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።»

ካርዶቹ እንደሚነበቡስ አውቅ ነበር። በብራሺ ፎርክ የመኪና ውድድር ሜዳ በዓመት አንድ ቅዳሜ የድሮ መኪኖች ቀን ይከበራል። ከየጎተራው የወጡ አሮጌ የውድድር መኪኖች ተራ በተራ አንድ አንድ ዙር ይዞራሉ። በድምፅ ማጉያው ደግሞ የዚያ ዘመን የዙር ካርድ እየተነበበ መኪናዋን ማን እንደነዳት፣ ስንተኛ እንደወጣ ለሕዝቡ ይነገራል። እኛ አገር ሰው የሚታወሰው በዚያ ካርድ ነው። ካርዱ ላይ ያለ ነበረ፤ የሌለ አልነበረም። ዘንድሮ ደግሞ የወንድሜ የዳላስ ሐውልት ይመረቃል። አሸነፈባት የምትባለው ሠላሳ ስምንት ቁጥር መኪናም ከዚያን ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጎተራ ልትወጣ ነው።

«አንብባቸዋ ታዲያ!» አልኩት። «ማንበብ እንደሆነ አሳምረህ ትችልበታለህ።»

ፊቱ ሲገረጣ አየሁ። ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ደስ ስላለኝ አፈርኩ።

* * *

ነገሩን ላልሰማ ልንገረው፤ ለአርባ ሁለት ዓመት ለማንም አውርቼው አላውቅም።

በእኔ ወጣትነት ለሴት ሜዳው ላይ ሁለት ቦታ ብቻ ነበራት። አንደኛው የቆጣሪዎቹ ማማ ነው። እያንዳንዷ መኪና የራሷ ዙር ቆጣሪ ነበራት፤ አብዛኛውን ጊዜም የነጂው ሚስት ወይም እናት ናት። መኪናዋ ባለፈች ቁጥር ሰዓቱን አይታ በእጇ ካርዱ ላይ ትጽፋለች፤ መጨረሻ ላይ የነጂውን ስም ሞልታ ትፈርማለች። ሁለተኛው ቦታ በወንዶቹ ውድድሮች መካከል የሚደረገው የሴቶች አሥር ዙር ነው። እሱን ላሸነፈች ካውያ ይሸልሟታል። እኔ ሦስት ካውያ አለኝ፤ ሦስቱም እስከ ዛሬ ይሠራሉ። ከዚያ ውጭ መኪኖቹ የሚጠገኑበት ግቢ በር ላይ «ሴት መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ጥቂት ሴቶች ከወንዶቹ ጋር ተሰልፈው ነድተዋል፤ አንዳንዶቹን ወንዶችም አቧራ አስቅመዋቸዋል። በሩ ከተዘጋ በኋላ ግን ስለእነሱ የሚያወራ ጠፋ። እንዳልተፈጠሩ ተቆጠሩ።

ያን ሳምንት ሐሙስ ዳላስ ከመኪናዋ ሥር ሆኖ ሲሠራ ክሪኩ ተንሸራትቶ ቀኝ እጁን ሰበረው። ውድድሩ ቅዳሜ ነው፤ ሁለት መቶ ዙር። ሠላሳ ስምንትን ከእሱ ሌላ የሚያውቃት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ከፋብሪካ ስወጣ በእርሻው መንገድ ላይ የምሞክራት እኔ ነኛ! እሱ ሜትር ከዘጠና ነው፤ እኔ ደግሞ ሜትር ከሃምሳ አምስት፣ ያውም በጫማ። መቀመጫውን ወደፊት ስቦ በብሎን አሰረልኝ፣ ፔዳሎቹ ላይ እንጨት ቸነከረልኝ፣ የራሱን ቱታ እጥፍጥፍ አድርጎ አለበሰኝ። በእሱ ሄልሜትና መነጽር ያን ሰሌዳ አልፌ ስገባ ዘበኛው «ዳላስ፣ ከሳህሳ!» አለኝ።

ኤሊስ ያውቅ ነበር። ካርዶቹን ሰብስቦ በድምፅ ማጉያው የሚያነበው ዋና ቆጣሪ እሱ ነው፤ ፋብሪካውም ሜዳውም የአባቱ ናቸው። ዓመት ሙሉ በድብቅ ተዋደናል። ደብዳቤዎቹን ጣታቸው ባልተዘጋ ካልሲዎች ውስጥ ከትቶ በጥቅሉ መሀል ወደ ማሽኔ ይልክልኝ ነበር። አባቱ የባንክ ባለቤት ልጅ አጭቶለት ነበር፤ እኔ ደግሞ ቤት ለቤት ልብስ አጣቢ የነበረች መበለት ልጅ ነኝ። ያን ቀን ጠዋት ከማማው ደረጃ ሥር ፊቴን በሁለት እጁ ይዞ እንዲህ አለኝ፦

«ካሸነፍሽ ስምሽን አነባለሁ። ከፈለጉ ዋንጫውን ይንጠቁሽ፣ አባቴም ከፈለገ ያባርረኝ። አንድ ጊዜ ግን ይነበባል።»

እኔም ሌላ ነገር አልፈለግኩም። ዋንጫ ምን ያደርግልኛል? ስሜ አንድ ጊዜ፣ በዚያ ድምፅ ማጉያ፣ በዚያ ሰው አፍ እንዲነበብ ብቻ ነበር የፈለግኩት።

አሸነፍኩ። በመጨረሻዎቹ አሥር ዙሮች የቡፎርድን አሥራ ሰባት ቁጥር በውስጥ በኩል አለፍኳት፤ ሁለተኛ ማርሹ እየወጣ ስላስቸገረኝ በጉልበቴ ደግፌ ነበር የያዝኩት። መኪናዋን ወደ ጥግ ሳስጠጋ እማዬ ከማማው ወርዳ አጥሩ ጋ ጠበቀችኝ። «ነይ ፊትሽን ታጠቢ። በዚህ ጭቃ ፊት ነው ስምሽ ሲጠራ የምትወጪው?» አለችኝ። ከጭነት መኪናችን ጀርባ ባልዲ ነበር። ቀዩን ጭቃ እየታጠብኩ ግማሽ ፊቴ እንደነጣ የኤሊስ ድምፅ መጣ።

«አንደኛ፣ ሠላሳ ስምንት ቁጥር፣ ዳላስ ስቴሚ!»

ሜዳው በጩኸት ተናጋ። ከጭነት መኪናው ጀርባ ብቅ ብዬ አየሁ፤ ዳላስ ዋንጫውን በግራ እጁ አንስቷል፣ የተሰበረውን ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቷል። ያ ፎቶ ነው ዛሬ ሐውልቱ ላይ የተቀረጸው። ከተማችን ውስጥ ፎቶ የሚነሣ ወጣት ሁሉ ቀኝ እጁን ኪሱ ይከታል፤ የዳላስ አቋቋም ነው ይላሉ።

በዚያው ዕለት ከሻርለት የመጣ የውድድር ቡድን ባለቤት ወንድሜን ይዞት ሄደ። «ትንሽ ልቋቋም፣ ራሴ እነግራቸዋለሁ» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጊዜ ያለው መስሎት ነው። በሁለተኛው ዓመት አንድ ትልቅ ሜዳ ላይ ጎማው ፈነዳና የአንድ ዓመት ልጁን ዳርላን ጥሎ ሞተ።

ኤሊስ ደግሞ ከውድድሩ ቀጥሎ ባለው ሰኞ እንደ ልማዱ በካልሲ ደብዳቤ ላከልኝ። አላወጣሁትም። ካልሲውን ማሽኑ ላይ አስገብቼ ጣቱን ከነደብዳቤው ዘጋሁትና መለስኩለት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አሳምሬ የሰፋሁት ካልሲ የለም፤ እንደዚያ ቀን እያለቀስኩ የሰፋሁትም የለም።

* * *

ፎሶሊያውን ለቅሞ ሲጨርስ ከኮቱ ኪስ ቢጫ የሆነ ካርድ አወጣና ጭኔ ላይ አስቀመጠ።

«ቅዳሜ የማነበው ይህን ነው» አለ። «መጀመሪያ አንቺ እዪው።»

መነጽሬን አደረግኩ። ሁለት መቶ መስመር ቁጥር። ሰባቶቹ ሁሉ ወገባቸው ላይ ጭረት አላቸው። እንዲህ አድርጎ ሰባትን የሚጽፍ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። ዓይኔ ወደ ላይ ወጣ፤ የነጂው ስም፣ ዳላስ ስቴሚ። ወደ ታች ወረደ፤ ፊርማ፣ ኦራ ስቴሚ።

እማዬ።

የሠላሳ ስምንት ቁጥር ቆጣሪ እማዬ መሆኗን አጥቼው አይደለም፤ ያን ጠዋት እርሳሷን የቀረጽኩላት እኔ ነኝ። ግን እሷ እውነቱን ጽፋ ኤሊስ አባቱን ፈርቶ የለወጠው ነበር የሚመስለኝ። ሌላ ነገር አንድም ቀን በሐሳቤ አልመጣም።

«ካርዱ ሲደርሰኝ ወደ እናትሽ ሮጥኩ» አለ። «'ሚስስ ስቴሚ፣ ስም ሳይሳሳቱ አይቀሩም' አልኳት። 'አልተሳሳትኩም' አለችኝ። 'አጥሩ ጋ የቆመውን ባለ ግራጫ ኮት ታየዋለህ? የሠላሳ ስምንትን ነጂ ሊወስድ ነው የመጣው። ልጅቷን የሚወስዳት ይመስልሃል? ለወንድ ልጄ እንዲህ ያለ ቀን ሁለቴ አይመጣም። አንብበው' አለችኝ።»

«አንተም አነበብክ።»

«አነበብኩ። አፉ የእኔ ነው፣ አልክድም። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ የፈረመች እናት ፊቴ ቆማ ታየኛለች፤ እምቢ ማለት አቃተኝ።»

«ከዚያስ? አርባ ሁለት ዓመት ምላስህን ምን በላው?»

«ዳላስ ከተቀበረ በኋላ ልነግርሽ መጣሁ። እናትሽ እዚሁ በረንዳ ላይ አገኘችኝ። አሁን የተቀመጥሽበት ቦታ ላይ ነበረች።» ባርኔጣውን በእጁ ያዞረዋል። «'ልጄን የገደልኩት በዚህ እጄ ነው' አለችኝ። 'በማይገባው ድል ወደማይችለው ቦታ የላክሁት እኔ ነኝ። ቬርሊን ካወቀች ጥላኝ ትሄዳለች፤ ሌላ ሰው የለኝም። አንተን ትጥላህ። አንተ ወጣት ነህ፣ ትችለዋለህ' አለችኝ። ለማንም እንዳልናገር እስክምልላት ድረስ አልለቀቀችኝም።»

እናቴን ከዚያ በኋላ ሠላሳ አንድ ዓመት ጦርኳት። መጨረሻ ላይ በማንኪያ አጉርሻታለሁ፣ ፀጉሯን አጥቤያለሁ፣ አቅፌ አንስቻታለሁ። የኤሊስ ስም በተነሣ ቁጥር «እሱን ተይው፣ ቃል የሌለው ሰው ነው» እያለች እጄን ትደባብሰኝ ነበር። እኔም እሷን ብቻ እያመንኩ አረጀሁ። አሁን ማን ላይ ልጩህ? የሞተችው አትሰማኝም፤ ያለው ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

«ለምን አሁን ነገርከኝ? ምነው ዝም ብለህ ቨርጂኒያህ በቀረህ!»

«ሚስቴ ከሞተች አራት ዓመት ሆናት። ከዚያ ወዲህ ያለሁት ብቻዬን ነው፤ ብቻውን የሆነ ሰው ደግሞ ያስባል። ለእናትሽ የገባሁትን ቃል እስከዛሬ ጠብቄያለሁ። ያን ስም ግን ሁለተኛ በአፌ ማንበብ አቃተኝ። አንቺ ወስኚ። ማንን ልጥራ?»

ዳርላ ታየችኝ። የዳላስ ልጅ፣ አርባ አንድ ዓመቷ ነው። አባቷን በዓይኗ አታውቀውም። ያላት ያ ፎቶና ያቺ ድል ብቻ ናቸው። ሐውልቱ እንዲቆም ሦስት ዓመት ሙሉ የከተማውን ምክር ቤት ስትወተውት የከረመች እሷ ናት። እኔ ስሜን ልስማ ብዬ ከዚያች ልጅ ላይ አባቷን ልንጠቃት?

«የተጻፈውን አንብብ» አልኩት።

«ቬርሊን፣ እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም። አንብብ።»

ሊሄድ ሲነሣ ከሌላኛው ኪሱ አንድ ነገር አውጥቶ የበረንዳው እንጨት ላይ አኖረ። ያ ካልሲ ነው። ጣቱ እንደሰፋሁት ነው፤ ክሩ እንኳ አልተነካም። «አንቺ የዘጋሽውን እኔ መክፈት አልፈለግኩም» አለና ደረጃውን ወረደ።

መኪናው ከዓይኔ እስኪጠፋ ጠበቅኩ። ከዚያ መቀሴን አምጥቼ የዘጋሁበትን ክር ቆረጥኩና ሳብኩት፤ አንድ ክር ነው፣ ሙሉው ተተረተረ። ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነበር። «ካርዱን ማን እንደሞላው ጠይቂኝ።» ያን ሰኞ ይህን ባነብ ኖሮ! ዳላስ ገና በሕይወት ነበር፤ እኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። እናቴ በእርሳስ ዘጋችው፣ እኔ ደግሞ በክር። ካልሲውን አፌ ላይ አድርጌ ጮህኩበት።

* * *

ቅዳሜ ሜዳው ጢም ብሎ ሞላ። የካም ብስኩቱ፣ ጣፋጭ ቀዝቃዛ ሻይ የያዘው ጋን፣ ታጣፊ ወንበሩ፣ ሁሉም እንደ ሌላው ዓመት ነው። «ሴት መግባት ክልክል ነው» የሚለው ሰሌዳ ከወረደ ቆይቷል። ቢሆንም በዚያ በር ስገባ እስከዛሬ ትንፋሼን እይዛለሁ።

ሠላሳ ስምንት ከፊቴ ቆማለች። ዓይኔን ማመን አቃተኝ፤ እማዬ ሸራ አልብሳ፣ ጎተራውን ቆልፋ፣ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ስለኖረች ከዚያን ቀን ወዲህ አላየኋትም። የዳርላ ባል ሬይ እጁን እየጠራረገ መጣ።

«እንዴት ናት አክስቴ? አንድ ብሎን አልቀየርኩም! ሞተሩን ብቻ ነው የነካሁት፤ እሱም ዛሬ ጠዋት ገና ተነሣ። ሌላው እሱ እንደተዋት ነው።»

እሱ እንደተዋት? ሐሙስ ዕለት ያን ሁሉ አስቤ ይህን አላሰብኩም።

የዛሬውን ዙር የምትነዳት ዳርላ የአባቷን ቁመት ወርሳለች። ሄልሜቷን በብብቷ ይዛ እየሳቀች መጣችና በመስኮቱ ገባች፤ በሩ በሰንሰለት የታሰረ ነው። ወዲያው ሳቋ ቆመ።

«ሬይ! መቀመጫውን ወደኋላ አድርግልኝ፣ ጉልበቴ መሪው ጋ ነው።»

«አይሄድም የኔ ቆንጆ፣ በብሎን የታሰረ ነው። ፔዳሎቹም ላይ እንጨት አለ። እኔማ አንድ ሰው ሲቀልድ የቸነከረው መስሎኝ፣ የድሮ ነው ብዬ ተውኩት።»

ዳርላ አጎንብሳ እንጨቶቹን ተመለከተች። ረጅም ጊዜ ተመለከተቻቸው።

«አባቴ ሜትር ከዘጠና ነበር» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ፤ ዓይኗ ቀስ እያለ እስከ ጫማዬ ወረደ። «አክስቴ፣ እዚህ ማን ነበር የሚቀመጠው?»

«ዳርላ፣ ያረጀ መኪና እኮ ነው...»

«አክስቴ። ማን?»

ዳርላ ፊቷን ወደ ሐውልቱ አዞረች። ዋንጫ በግራ እጅ፣ ቀኝ እጅ በኪስ።

«እጁ ምን ሆኖ ነበር?»

«ተሰብሮ» አልኩ። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። «ሐሙስ ዕለት ክሪኩ ወድቆበት።»

የዳርላ ፊት ላይ ደም የሚባል ነገር አልቀረም። የሬይ መጥረጊያ ጨርቅ ከእጁ ወደቀ። እሷ በመስኮቱ ወጣች። በጥፊ የምትመታኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሄልሜቷን ራሴ ላይ አደረገችው፤ ማሰሪያውን ከአገጬ ሥር አሰረችልኝ።

«ግቢ» አለችኝ።

«የኔ ልጅ፣ አባትሽ እኮ...»

«አባቴን በኋላ አለቅስለታለሁ። አሁን ግቢ።»

ይህን ብላ ወደ ማማው ሮጠች። ሬይ ወገቤን ይዞ በመስኮቱ ከተተኝ፤ በስድሳ ሦስት ዓመት እንዲህ ነው የሚገባው፣ እንደ ጆንያ። ቀኝ እግሬን ዘረጋሁ። እንጨቱ እግሬን ጠብቆ እንደኖረ ሁሉ ልክክ አለ። ያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው።

ሞተሩ ሲነሣ ዓለም በሙሉ በእሱ ድምፅ ተሞላ፤ ሌላ ምንም አይሰማም። ኤሊስ ማማው ላይ ቆሟል። ካርዱ በእጁ ነው። አፉ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ቆመ። እንደገና ተንቀሳቀሰ፤ ካርድ ለማንበብ ከሚወስደው ጊዜ እጅግ የረዘመ ነገር ተናገረ። ማንን ጠራ? አልሰማሁም! አርባ ሁለት ዓመት የጠበቅኩት ነገር እየተነገረ የሞተር ጩኸት ብቻ ነው ጆሮዬ የሚገባው።

ሕዝቡን አየሁ። ማንም አላጨበጨበም። ብስኩት ወደ አፉ ያነሣ እንዳነሣ ቀርቷል። ዳርላ ከደረጃው ላይ ሆና አፏን በእጇ ይዛለች። ከዚያ አጥሩን የተደገፈው ሽማግሌው ቡፎርድ፣ ያን ቀን ሁለተኛ የወጣው፣ ቀስ ብሎ ቆቡን አወለቀ። አጠገቡ ያለውም አወለቀ። ቀጥሎም ያለው። ምን ማለታቸው ነው? ለሞተ ወንድሜ ነው ወይስ...? ባንዲራው ወረደ፤ ነዳሁ። ሁለተኛ ማርሹ ዛሬም ሊወጣ ሲል ጉልበቴ ከእኔ ቀድሞ ሄዶ ያዘው።

* * *

ስወጣ መጀመሪያ የደረሰብኝ ቡፎርድ ነው፣ ምርኩዙን እያውለበለበ።

«ድሮም ብያለሁ! እኔ ድሮም ብያለሁ! ዳላስ ቢሆን ኖሮ ገጭቶኝ ነበር የሚያልፈው። እንዲያ በጨዋ ደንብ ያለፈኝ ሰው ዳላስ ሊሆን አይችልም!»

ዳርላ ደርሳ ክንዴን ያዘችኝ፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«ምን አለ?» አልኳት። «ኤሊስ ምን ብሎ አነበበ?»

«'የተጻፈውን ሳይሆን እዚያ የተቀመጠችውን አንብብ' ብዬ ለመንኩት። እሱም ስምሽን ጠራ። ከዚያ ደግሞ 'የዚያን ቀን ስሙን የቀየርኩት እኔ ነኝ፣ ዋና ቆጣሪው። የማንም ሌላ እጅ የለበትም፤ ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው' አለ። በሕዝብ ፊት፣ አክስቴ! እንዴት ያለ ሰው ነው እንዲህ ያደረገሽ?»

ኤሊስ ከጀርባዋ ቆሞ ነበር፤ እሷ ፎጣ ልታመጣ ስትሄድ ወደ እኔ ተጠጋ። እማዬን እንደገና ሸፈናት። ይህን ሁሉ ዓመት የጠላሁት ሰው ዛሬ ደግሞ አገር በሙሉ እንዲጠላው ራሱን አሳልፎ ሰጠ። ደነገጥኩ፤ ከሐሙሱም ይልቅ በዚህ ደነገጥኩ።

«ደግመህ ዋሸህ» አልኩት ቀስ ብዬ።

«ለመጨረሻ ጊዜ።»

«ለዳርላ እውነቱን ዛሬውኑ እነግራታለሁ፤ እሷ ማወቅ አለባት።»

«አንቺ ንገሪያት። እኔ ቃል አለብኝ።»

ዓይን ለዓይን ተያየን። ይህ ሰው ይወደኝ ነበር። ይህን ሁሉ ጊዜ ይወደኝ ነበር፤ እኔም ስጠላው ስጠላው አንድም ቀን መውደዴን አላቆምኩም።

«ሞተሩ ከልክሎኝ አልሰማሁህም፣ ኤሊስ» አልኩት። «አንብብልኝ።»

ዳርላ እርጥብ ፎጣ ይዛ ተመለሰችና ወደ ፊቴ ዘረጋች። «አክስቴ፣ ፊትሽ ጭቃ ብቻ ሆኗል፣ ቆይ ልጥረግልሽ።»

«ተይው!» አልኳት እጇን ይዤ። «አልታጠብም። ባለፈው ታጥቤ አይቼዋለሁ።»

ኤሊስ ካርዱን ሳያየው አጥፎ ኪሱ ከተተው። ባርኔጣውን አወለቀ። ድምፁ እንደ ድሮው አልነበረም።

«አንደኛ፣ ሠላሳ ስምንት ቁጥር፣ ቬርሊን ስቴሚ።»

እንባዬ በቀዩ ጭቃ መሀል መንገድ እያወጣ ወረደ።

«ድገመው» አልኩት።